ስምንት ቃል ተሸክሜ ወደ ኮምቦልቻ

ሰኞ

ከአዲስ አበባ ወጥቼ የማውቀው እስከ ደብረ ዘይት ድረስ ብቻ ነበር፤ እሱንም ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ሆኜ። መንገድ አልወድም። ወደ ወሎ የላከኝ ሥራዬ ነው። ከምታነቡት መካከል ብዙዎቻችሁ ወደዚያ የምትሄዱበት ምክንያት ስለማይኖራችሁ፣ ያየሁትን ከነስሕተቴ እንደ ቀኑ ቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ።

የምሠራው ከባድ የአካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች በሚረዳ ትንሽ ማእከል ውስጥ ነው። በዚያ ሰሞን ከውጭ አገር አንድ ዕቃ በስጦታ ደርሶን ነበር። ትልቅ መዝገብ የሚያህል ሳጥን ሲሆን ፊቱ ላይ ስምንት ሰፋፊ ቁልፎች አሉት። በየቁልፉ ላይ ሥዕል ይለጠፋል፤ ለየቁልፉም የሰው ድምፅ ይቀዳል። መናገር የማይችል ልጅ ቁልፉን ሲጫነው ሳጥኑ ይናገርለታል። ያለን አንድ ብቻ ነው።

እሱን ይዤ የምሄደው ኮምቦልቻ ወደምትኖር ሩቂያ ወደምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ባለፈው ዓመት እናቷ አዝላት ለሕክምና አዲስ አበባ ድረስ መጥታ ሳለ ነው ያወቅናት። ከተወለደች ጀምሮ እጅና እግሯ አይታዘዟትም፤ አንደበቷም እንደዚያው። ዓይኖቿ ግን የሚባለውን ሁሉ ይከተላሉ። ለ«አዎ» ዓይኗን ወደ ላይ ታነሣለች።

ኃላፊያችን ሲሸኙኝ የሰጡኝ ትእዛዝ አጭር ነበር። ልጅቱ እስከ ሐሙስ ድረስ ማንም እጇን ሳይዛት፣ በራሷ ፈቃድ ካልተናገረችበት ሳጥኑን መልሼ እንዳመጣ ነው። ተራ የሚጠብቅ ሌላ ልጅ አለ። እሱንም አውቀዋለሁ፤ ማክሰኞና ዓርብ የማስተምረው እኔ ነኝ። ስለዚህ በየትኛውም በኩል ቢሆን አንድ ልጅ ባዶ እጁን የሚቀር መሆኑን እያሰብኩ ገና ጎሕ ሳይቀድ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ።

ሳጥኑን ጣራ ላይ አላስጫንኩትም፤ ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የተቀመጡት የሐይቅ ከተማ ነጋዴ ሁለት ጊዜ «እግርሽ ይደነዝዛል» ብለውኝ ሁለቱንም ጊዜ ፈገግ አልኩ። ጣርማ በርን አልፈን ቁልቁለቱን ስንወርድ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ደብረ ሲና ለምሳ ወረድን። ሽሮው ከእኛ ቤት ሽሮ ይልቅ ቀይና የሚያቃጥል ነበር፤ ግማሹን ተውኩት። ነጋዴው ቆሎ ገዝተው ሳልጠይቃቸው በነጠላዬ ጫፍ ላይ አፈሰሱልኝ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ የለበስኩትን ሹራብ ማውለቅ ፈለግሁ፤ ለዚያ ግን ሳጥኑን ለአንድ ደቂቃ ለሰው መስጠት ነበረብኝ። ስለዚህ እስከ ከሚሴ ድረስ በላብ ተጠምቄ ሄድኩ።

የፈራሁት ነገር የደረሰው ከሐርቡ አለፍ ብሎ ባለው ኬላ ላይ ነው። ሁላችንም ወርደን ተሰለፍን። ወታደሩ ወጣት ነው፤ ከእኔ አይበልጥም። ሳጥኑን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። የይለፍ ወረቀቴን ሰጠሁት። ወረቀቱ ዕቃውን «የመናገሪያ መሣሪያ» ይለዋል፤ ኬላ ላይ ለሚቆም ወታደር ይህ ስም የሰላይ ሬዲዮ እንደሚመስለው ቀድሞ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ከማን ጋር እንደምነጋገርበት ጠየቀኝ። ልመልስለት አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። እንዲህ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲም ሳለሁ ክፍል ፊት ቆሜ ያቀረብኩት ጥናት ሁሉ ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም ነበር። ወታደሩ ዝምታዬን በሌላ ተረጎመውና በጣቱ አንዱን ቁልፍ ተጫነ።

ሳጥኑ በእኔ ድምፅ፣ በጠራ አነጋገር፣ «ሽንቴ መጣ» አለ።

ሰልፉ ሁሉ ሰማ። ወታደሩ ደንግጦ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ፤ ከዚያ በመደንገጡ ስላፈረ ይመስለኛል፣ የሳጥኑን ጀርባ ከፍቶ የባትሪ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረ። ያን ጊዜ ድምፄ መጣ። «አይውጣ፣ ይጠፋል» አልኩ፤ ግን ዘግይቼ ነበር። ያ ሳጥን ድንጋዩ ከወጣ የተቀዳበትን ሁሉ ይረሳል። ከስድስቱ ድንጋዮች አንዱ ደግሞ ከእጁ አምልጦ ተንከባለለና ከመንገዱ በታች ያለው ገደል ውስጥ ገባ።

ነጋዴው ከሰልፉ ወጥተው በእርጋታ ተጠጉ። «ጓድ ወታደር» አሉት፣ «የእኔ ልጅ፣ ሰላይ ቢሆን ሽንቴ መጣ ይላል?»

ከጎኑ የቆመው ሌላ ወታደር ሳቀ፤ ከዚያ እሱም ሳቀ። አምስቱን ድንጋይ በመዳፌ ላይ አስቀመጠልኝና አለፍን።

ኮምቦልቻን በመስኮት እያየሁ ነው ያለፍኳት። የክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት ያለው ደሴ ስለሆነ ማኅተም ሳላስመታ መሥራት አልችልም። ሩቂያ ከእነዚያ ጣራዎች ከአንዱ ሥር አለች፤ እኔ ባዶ ሳጥን ታቅፌ በደጇ አልፌ የሐረጎን ዳገት ወጣሁ። ደሴ ስንደርስ ጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ነበር፤ ቅድም የረገምኩትን ሹራብ አመሰገንኩት።

ማክሰኞ

ያረፍኩት ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እትዬ ተዋበች የሚባሉ ሴት ቤት ነው። አራት ክፍል ያከራያሉ። የደሴ ብርድ ከአዲስ አበባ ብርድ የተለየ ነው። የእኛው ጠዋት መጥቶ ይሄዳል፤ የደሴው አብሮ ይቀመጣል። እትዬ ተዋበች ቁርስ ላይ ቂንጬ በቅቤ አቀረቡልኝና እስክጨርሰው ድረስ በሩ ላይ ቆሙ።

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ እስከ ምሳ ሰዓት አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ካኪ የለበሰው ሹም ወረቀቴን ሦስት ጊዜ አነበበው። ለአንዲት ልጅ ብቻ ሰው ከአዲስ አበባ መላኩ አልገባውም፤ ደጋግሞ «ለስንት ልጅ ነው?» አለኝ። ደጋግሜ «ለአንዲት» አልኩት። ቁጥር የቀነስኩበት ይመስል አፈርኩ። በመጨረሻ ማኅተሙን መታ፤ የመታልኝ ግን ስለራበው ይመስለኛል።

ከሰዓት በኋላ ሰኞ ገበያ ወደሚባለው ሰፈር ወርጄ ድንጋይ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። እንኳን ለመጠየቅ፣ ሰው መሐል ገፋ አድርጎ ለማለፍ የማልችል ነኝ። መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ድንጋይ ካለቀ ወር አልፎታል። ሁለተኛው ባለሱቅ ኃይላቸው ያለቀ ድንጋዮችን ደብዘዝ ያለ ፀሐይ ላይ አስጥቷቸው አገኘሁት፤ «ትንሽ ሲሞቃቸው ይነሣሉ» አለኝ። ሞከርነው። ሳጥኑ አልተነሣም።

ተመልሼ ለእትዬ ተዋበች ነገርኳቸው። ማልቀስ ጀምሬ ነበር መሰለኝ፣ ምክንያቱም ጓዳ ገብተው የራሳቸውን ሬዲዮ ይዘው መጡና ከጀርባው ድንጋዮቹን አወጡ። ሁሉንም ሰጡኝ፤ አንድ ብቻ ነው የምፈልገው ብል አልሰሙኝም።

«ዜና ያመልጥዎታል» አልኳቸው።

በሩን ቃኘት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የትናንቱን ሰምቼዋለሁ፤ ነገም እሱኑ ነው የሚሉት» አሉኝ።

ከእራት በፊት ክፍሌን ዘግቼ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ስምንቱን ቃል እንደገና ቀዳሁ። ከብዙ ሐሳብ በኋላ የመረጥኳቸው ነበሩ፤ ውሃ ጠማኝ፣ ራበኝ፣ አመመኝ፣ ሽንቴ መጣ፣ በረደኝ፣ ደከመኝ፣ እባካችሁ፣ አመሰግናለሁ። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ አራተኛውን ብዙ ጊዜ ደጋገምኩት። በስተመጨረሻ ግድግዳው ተንኳኳና ከወዲያ ያለው እንግዳ በትሕትና፣ «እህቴ፣ ሽንት ቤቱ ከግቢው ጀርባ ነው» አለኝ።

ረቡዕ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ልብስ እያወለቃችሁ ነው። ጠዋት ከተንቀጠቀጥኩበት ቤት ተነሥቼ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ላቤን የምጠርግበት ከተማ ደረስኩ።

የሩቂያ እናት ወይዘሮ ከድጃ መናኸሪያው ድረስ መጥታ ጠበቀችኝ። ሻንጣዬን ነጠቀችኝ፤ ሳጥኑን ግን አልሰጠኋትም። አዲስ አበባ ሰላምታ እየሄዱ ነው፤ እዚህ ተቁሞ ነው። ቤት እስክንደርስ ድረስ ያገኘናቸው ሰዎች ሁሉ የእኔን፣ የእናቴን፣ የመንገዱንና የአዲስ አበባን ሰላም ጠየቁኝ፤ ለሁሉም «አልሐምዱሊላህ» ብላ ስለ እኔ የመለሰችው እሷ ናት። ባሏ የአሰብ መስመር ሹፌር ነው፤ በዚያ ሳምንት አልነበረም።

ሩቂያ ከጣውላ በተሠራና ጆንያ በተነጠፈበት ወንበር ላይ፣ ደረቷ በሻሽ ታስሮ ተቀምጣለች። ስታየኝ ዓይኗን ወደ ላይ አነሣች። አስታወሰችኝ። ከጎኗ የአሥራ ሁለት ዓመቷ እህቷ ዘይነባ አለች፤ አፏ ለሁለት የሚበቃ ልጅ ናት።

ምሳ የማሽላ እንጀራ በወጥ በላን፤ ከጤፉ ይልቅ ጣፈጥ ይላል፣ ቶሎም ያጠግባል። ከዚያ ጎረቤቶች ገቡ፤ ስድስት ሰባት ሴቶች። ሳጥኑን ሩቂያ ፊት አስቀምጬ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየነካሁ አሰማኋት። ከዚያ የተማርኩትን አደረግሁ። ይህን ሥራ ያሠለጠነችን ሴት የነገረችን ነገር፣ ጠይቃችሁ ዝም በሉ፣ በልባችሁ እስከ ሠላሳ ቁጠሩ የሚል ነበር። ለእንዲህ ያለ ልጅ እጅን ማንቀሳቀስ ተራራ መውጣት ነው፤ የምንቸኩለው እኛ ነን።

ሃያ ሦስት ላይ ስደርስ የሩቂያ ክንድ ተነሣ፤ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ፤ ጭብጧ የመጀመሪያው ቁልፍ ላይ ወደቀ።

«ውሃ ጠማኝ» አለ ሳጥኑ።

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ድምፁ የእኔ ነው። ከሩቅ የመጣች እንግዳ ጠማኝ ብላ መናገሯ ባለቤቶቹን ስላሳፈራቸው አንዷ ሮጣ በሁለት እጇ ውሃ አቀረበችልኝ፤ ወይዘሮ ከድጃም ሳልጠይቅ ባለመስጠቷ ይቅርታ ጠየቀችኝ። አይደለም ማለት ነበረብኝ። ሴቲቱን በሰው ፊት ማሳፈር ፈራሁ። ሁሉም እያዩኝ ነው።

ተቀብዬ ጠጣሁት።

ስጠጣ ሩቂያ ታየኝ ነበር። ብርጭቆውን ሳወርድ እጇን ወደ ጭኗ መልሳ ጭብጧን ቋጥራለች። ከዚያ በኋላ እስከ መግሪብ ሶላት ድረስ ስንት ጊዜ ሠላሳ እንደ ቆጠርኩ አላውቅም። ሳጥኑን አላየችውም፤ እኔንም አላየችኝም።

ወይዘሮ ከድጃ ሌላ ማደሪያ ልፈልግ ብል አልሰማችኝም፤ የራሷን አልጋ ለቀቀችልኝ። «አብሽሪ፣ መምህርት» አለችኝ፤ አይዞሽ ማለቷ ነው። ልጅቱን ያስከፋሁት እኔ፣ የምጽናናውም እኔ ሆንኩ።

ሐሙስ

ጠዋት ዘይነባ ወንበሬ አጠገብ መጥታ ተቀመጠችና ሌሊቱን ስታስብበት ያደረችውን ነገረችኝ።

«ሩቂያ የአዲስ አበባ ሰው ናት እንዴ? ለምን እንደ እርስዎ ታወራለች?» አለችኝ። «ደግሞ ኮምቦልቻ ማን ይበርደዋል?»

ስምንቱን ቃል ስመርጥ በመስኮቴ የማየው የአዲስ አበባ ክረምት ነበር። ለልጅቱ የመረጥኩላትም እኔ ሰው ቤት ስገባ የምላቸውን ቃላት ነው፤ እባካችሁና አመሰግናለሁ። ሁሉንም አጥፍተን በዘይነባ ድምፅ እንድንቀዳ ወሰንን። በየቃሉ ሩቂያን እንጠይቃታለን፤ ዓይኗን ካነሣች ይገባል። በረደኝ ወጥቶ ሞቀኝ ገባ። ደከመኝ ወጥቶ «ዘይነባ ነይ» ገባ። እናቷ አሚን እንዲገባ ለመነች። ዕለቱ ሐሙስ ነው፤ ወደ ማምሻው ከአስር ሶላት በኋላ የወይዘሮ ከድጃ አባት ሼህ ይመር ከሐርቡ መጥተው ቤቱ ውስጥ ዱዓ ያደርጋሉ። ሽማግሌው ሲመርቁ ቤቱ ሁሉ አሚን ይላል፤ ሩቂያ ብቻ አትልም። ስንጠይቃት ዓይኗን አነሣች፤ እባካችሁ ወጥቶ አሚን ገባ።

አንድ ቁልፍ ቀረ። ዘይነባ «እምቢ ይግባ» አለች።

ወይዘሮ ከድጃ አልተስማማችም። ሴት ልጅ በትልቅ ሰው ፊት እምቢ ስትል ነውር ነው፤ ዘይነባ የምትለው አይበቃም ወይ አለች። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ በልቤ ከእሷ ጋር ነበርኩ። እምቢ ብዬ አላውቅም፤ ትናንት አንድ ብርጭቆ ውሃ እንኳ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ያ ብርጭቆ ትዝ ሲለኝ ነው ወደ ሩቂያ ዞሬ የጠየቅኋት። ሠላሳ መቁጠር አላስፈለገኝም፤ ዓይኗ ጣራው ላይ ነበር። አመሰግናለሁ ወጣ፣ እምቢ ገባ።

ግን አልተጫነችም። ረፋዱ አለፈ፤ ምሳ አለፈ። ቁልፎቹን በዓይኗ አንድ በአንድ ትከተላቸዋለች፤ እጇ ግን አይነሣም። እኔ በየመሐሉ ሰዓቴን አያለሁ። ለኃላፊያችን የምሰጠውን የሪፖርት ቅጽ አውጥቼ ስሟን ብቻ ጻፍኩበትና መልሼ ከተትኩት፤ የትናንቷ አንዲት ጊዜ አጋጣሚ ልትሆን ስለምትችል አትቆጠርም። ከሰዓት በኋላ ሳጥኑን የምጠቀልልበትን ጨርቅ አጥፌ አዘጋጀሁ።

ሼህ ይመር ሲገቡ ቤቱ ሁሉ ተነሣ። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ከሁሉ በፊት የሩቂያን ግንባር ሳሙ። ስለ ሳጥኑ ሲነግሯቸው በበትራቸው ጫፍ ነካ አድርገው «ይሁን» አሉ። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው ተቀመጡ፤ ጫት ቀረበ። ሳጥኑ ሩቂያ ፊት፣ እኔ ከኋላዋ ግድግዳውን ተደግፌ። ሽማግሌው መዳፎቻቸውን ዘረጉ።

አላህ ዝናቡን በጊዜው እንዲያዘንበው ለመኑ፤ አሚን አልን። አማቻቸውን ከአሰብ መንገድ በሰላም እንዲመልሰው ለመኑ። ለዘመቻ የሄዱትን ልጆች ለእናቶቻቸው ዓይን እንዲያበቃ ሲለምኑ አሚኑ ዝቅ ያለና ረጅም ነበር። ለእኔ ለእንግዳዋም ልቤን እንዲያሰፋልኝ ለመኑ። በየጊዜው ወደ ሩቂያ እጅ አያለሁ። አልተነሣም።

ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። ድምፃቸው ለሰሰ።

«ይህችን ማንንም ያልበደለች ልጅ አላህ ወደ ራሱ ይውሰዳት። እሷም ትረፍ፣ እናቷም ትረፍ።»

በክፋት አልነበረም። በየሐሙሱ የሚሉት ዱዓ እንደሆነ በኋላ ነው የሰማሁት። ወይዘሮ ከድጃ አንገቷን ደፍታለች። አሚን ከመባሉ በፊት ሁልጊዜ ትንሽ ዝምታ አለ።

«እምቢ።»

ሰው ሁሉ ወደ ዘይነባ ዞረ። ሼህ ይመርም በቁጣ አዩአት። ዘይነባ አፏን በሁለት እጇ ያዘችና ራሷን ነቀነቀች። ያን ጊዜ ነው የሩቂያን ጭብጥ ቁልፉ ላይ ያዩት።

እኔ ደግሞ ያሰብኩት ሌላ ነው። እጇ ወድቆ ይሆናል አልኩ። እንዲህ ያለ እጅ በአጋጣሚ ይወድቃል፤ ሪፖርት ስጽፍ ይህን መለየት ሥራዬ ነው። መናገር ነበረብኝ፣ ያውም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። «አባባ» አልኳቸው፣ «እባክዎ እንደገና ይጠይቋት። ከዚያ ይጠብቋት።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ከተቀመጡበት ተነሥተው ሩቂያ ፊት በርከክ አሉ።

«ሩቂያ፣ እኔን ነው? አላህ ወደ ራሱ ይውሰድሽ ወይ?»

መቁጠር ጀመርኩ። እጇን መጀመሪያ ከቁልፉ ላይ ማንሣት ነበረባት፤ ያ ብቻ ዐሥራ አምስት ፈጀ። ክንዷ በአየር ላይ ዞረ። ሠላሳ አለፈ። ማንም አላሳለም። ጭብጧ ወረደ፤ «እምቢ»።

የሼህ ይመር ጺም ተንቀጠቀጠ። «እኔ እኮ የደከመሽ መስሎኝ ነው፣ ልጄ» አሉ። «እንግዲያስ ምን ልበልልሽ?»

ለዚያ የሚሆን ቁልፍ የለም። ስምንት ቃል ብቻ ነው ያለን። ሽማግሌው ቁልፎቹን ተራ በተራ አዩ፤ እያንዳንዱ ምን እንደሚል ዘይነባን ጠየቋት። ከዚያ መዳፎቻቸውን እንደገና ዘረጉ።

«አላህ ያኑርሽ። ከእህትሽ ጋር ያሳድግሽ።»

ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አሚን ሳይል ጠበቃት። እስከ ሠላሳ ሰባት ድረስ መቁጠሬን አስታውሳለሁ፤ ከዚያ ተውኩት።

«አሚን» አለች።

ዓርብ

ሳጥኑን ትቼው መጣሁ። ጠዋት ዘይነባን ድንጋይ ማውጣትና ማስገባት፣ ድምፅ እንደገና መቅዳት አስተማርኳት። አባቷ ድንጋይ ከአሰብ እንዲያመጣ ይነገረዋል። ተራ የሚጠብቀውን ሌላውን ልጅ፣ በሚቀጥለው ማክሰኞ ሳገኘው፣ ምን እንደምለው አላውቅም ነበር፤ አሁንም አላውቅም።

ወይዘሮ ከድጃ መናኸሪያው ድረስ ሸኘችኝ። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል በመስኮቱ በኩል፣ «በየሐሙሱ አሚን ስል የምትሰማኝ አይመስለኝም ነበር» አለችኝ። እጇን ያዝኩት። አብሽሪ ልላት ፈልጌ በእኔ አፍ ያምር እንደሆነ ስጠራጠር አውቶቡሱ ተነሣ።

ኬላው ላይ የቆመው ያው ወታደር ነበር። ሻንጣዬን ከፍቶ አየ፤ የታጠፈ ጨርቅ ብቻ ነው ያለው።

«ያ የሚያወራው ሳጥንሽስ?»

«ባለቤቲቱ ጋ ቀረ» አልኩት። ድምፄ ወጣ።

«አሁን ምን ይላል?»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ይሰማሉ። ኬላ ላይ የማይባል ቃል እንዳለ አውቃለሁ።

«እምቢ ይላል» አልኩት።

ለረጅም ጊዜ አየኝ። ምናልባት ዐሥር ያህል ቆጥሬያለሁ። ከዚያ ሻንጣዬን ራሱ ዘጋልኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንኳንም ሬዲዮ አልሆነ፤ አገር ሁሉ ይሰማው ነበር» ብሎ አሳለፈኝ።